ጌት ያለ ይቆማል

ሰኞ፣ 2

ዛሬ አዲሷን መምህርት አስተዋወቁን። ዳይሬክተሩ፣ የቁልፍ እስሩን ሲያንሿሿ ስለሚውል በልቤ ባለቁልፉ የምለው ሰውዬ፣ "ትልቅ ሆቴል ውስጥ ለዓመታት የሠራች ናት" አለን። ምን ሆና? እንግዳ ተቀባይ። የክፍል ቁልፍ ስታቀብልና "ሻንጣዎን ላግዝዎ" ስትል የኖረች ሰው እንግሊዝኛ ልታስተምር መጣች። እኔ እዚህ፣ ከፍራሽ መሸጫው በላይ ያለው ፎቅ ላይ፣ ጠመኔ ስበላ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ ለእኔ ስሟ ሪሴፕሽን ነው።

እጄን ስትጨብጠኝ "ስለ እርስዎ ክፍል ብዙ ሰምቻለሁ" አለች። ምን እንደሰማች አልጠየቅኋትም። የሚሰማው ይታወቃል።

ሐሙስ፣ 5

ይህን ደብተር ከእኔ በቀር የሚያነበው ስለሌለ ማብራራት አይጠበቅብኝም፤ ግን ሕጌን ማብራራት ደስ ይለኛል።

እንግሊዞች ጌት የሚሉት አንድ ግስ አላቸው። የሰነፍ ግስ ነው። አገኘ ለማለት ጌት፣ ሆነ ለማለት ጌት፣ ደረሰ ለማለት ጌት፣ ገባኝ ለማለትም ጌት። ገዛ፣ አመጣ፣ ታመመ፣ አገባ፣ ተነሳ፣ ከአውቶቡስ ወረደ፣ ሁሉም ከዚያችው ጓዳ ይወጣል። አንዱን ካልሲ ለእግርም ለእጅም ለራስም ማጥለቅ ማለት ነው። ራሱን ለሚያከብር ሰው ኦብቴን አለለት፣ ሪሲቭ አለለት፣ ቢካም አለለት፣ አራይቭ አለለት። ስለዚህ በእኔ ክፍል ጌት ያለ ተማሪ ተነስቶ ግድግዳው ጋ ይቆማል። ሌላው እስኪስትና እስኪተካው ድረስ እዚያው ነው። ጌቲንግም ጎትም ይቆጠራሉ፤ እሱን በኋላ ነው የጨመርኩት፣ አንዳንድ ብልጣ ብልጥ በኃላፊ ጊዜ ግስ ሊያመልጠኝ ሲሞክር።

ዘንድሮ ግድግዳውን የወረሰው ሹፌሩ ነው። የጭነት መኪና ይነዳል፤ እጁ እስክሪብቶ ሲይዝ መሪ የያዘ ይመስለዋል። ዛሬ ብቻ ስንቴ ቆመ። "አይሰለችህም ወይ?" ስለው "ቲቸር፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ነው የምውለው፤ መቆሙ ለወገቤ መድኃኒት ነው" አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። ቀልድ የደደብ መሸሸጊያ ነው።

ዓርብ፣ 6

ባለቁልፉ ሰብስቦን ነበር። አንድ የውጭ አገር ደንበኞችን ስልክ የሚያነሳ ድርጅት ሠራተኛ ይቀጥራል፤ አመልካቾቹን የምናዘጋጀው እኛ ነን። ግማሹ ለእኔ፣ ግማሹ ለሪሴፕሽን። ፈተናው በመጪው ወር አጋማሽ። ሥራው እዚህ አይደለም፤ አውቶቡስ ከማለዳ እስከ ማታ የሚሄድበት ከተማ ነው።

ልጄ ተመዝግባለች። ለእናቷ ነግራታለች፣ ለእኔ የነገረችኝ ከተመዘገበች በኋላ ነው። "አባዬ፣ አንተ ክፍል ነው የምገባው አይደል?" አለች። ሌላ የት ልትገቢ ነው አልኳት።

ደሞዙ ጥሩ ነው ይላሉ። ትሂድ። ሳሎን ውስጥ ከመጋረጃ ጀርባ ነው የምትተኛው፤ አልጋዋ ከወጣ ቤቱ ይሰፋል። የመጽሐፍ መደርደሪያ ይገባበታል።

ማክሰኞ፣ 10

ከሪሴፕሽን ክፍል ሳቅ። የግድግዳው ውፍረት ምንም አልረዳኝም። በእረፍት ሰዓት በበሩ ሳልፍ ሰሌዳዋ ላይ ትልቅ አበባ ሥላለች፤ እምብርቷ ላይ ጌት ተብሎ ተጽፏል፣ በየቅጠሉ ላይ ሌላ ሌላ ትርጉም። ሳምንቱን ሙሉ ይህንኑ ነው የምታስተምረው አሉ። አንድ ግስ፣ አንድ ሳምንት፣ ባለቀለም ጠመኔ። መዋዕለ ሕፃናት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል።

ቅዳሜ፣ 14

ባለቤቴ መጋረጃ ሰፊ ናት፤ ማሽኗ መስኮቱ ሥር ነው። እሷ ስትሰፋ ልጃችን የተማረችውን ጮክ ብላ ትደግማለች። "አይ ሃቭ ኮንትራክትድ ኤ ኮልድ" አለች፤ ጉንፋን ያዘኝ ማለቷ ነው፣ እኔ እንዳስተማርኳት።

እናቷ ማሽኑን አቆመች። "ኮንትራት? ጉንፋን ደግሞ በኮንትራት ሆነ?"

ፈረንጆቹ ራሳቸው "ጌት ኤ ኮልድ" እንደሚሉ ልጅቷ በሹክሹክታ ነገረቻት። የሰማሁ አልመሰላትም። ባለቤቴ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ወደ እኔ ዞረች። "ታዲያ ምን አለበት? እኛስ ስንቱን እንይዝ የለ? ጉንፋን ይይዘናል፣ ዝናብ ይይዘናል፣ ወረፋ እንይዛለን፣ ቀጠሮ እንይዛለን፣ ቂም እንይዛለን። አንተንማ ነገር ከያዘህ መች ይለቅሃል።"

ቤቴ ውስጥ ሌላ የቋንቋ ሊቅ መኖሩን አላውቅም ነበር። "አንቺ መርፌሽን ያዢ" አልኳት። ልጄ ሳቀች። ምን እንደሚያስቃት የገባኝ አሁን ስጽፈው ነው።

ረቡዕ፣ 18

ሥራ በዛ። የፈተና እርማት። ሹፌሩ ቆመ፣ ተቀመጠ፣ ቆመ። ልጄ አንድም ቀን አልቆመችም። በእኔ ክፍል ይህን ያደረገ ተማሪ የለም።

ሰኞ፣ 23

ሪሴፕሽን መምህራን ክፍል ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። "ተማሪዎቹ ስልክ ላይ ሲሰሙት ግራ አይገባቸውም ወይ?" አለችኝ። ምኑን ብዬ ጠየቅኋት፤ አውቃለሁ፣ ግን ቃሉን እንድታወጣው ፈልጌ ነው። "ጌትን" አለች፣ ምንም ሳታፍር።

"ቆሻሻ እንዳይነኩ ያስተማርናቸው ልጆች ቆሻሻ ሲያዩ ያውቁታል" አልኳት። ጥሩ መልስ ነበር። ሻይዋን ጨርሳ ወጣች።

ሐሙስ፣ ወሩ በባተ በ3

ሁለት ሳምንት ቀረ። ልጄ እራት ላይ "ውሃ ላገኝ እችላለሁን?" ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ፣ እንደ ቤተ መንግሥት ሰው። እናቷ ማሰሮውን ገፋችላት። "ቅጂና ጠጪ፣ ምን አቤቱታ ታቀርቢያለሽ" አለቻት።

አልጋው ከወጣ መደርደሪያው ልክ ይገባል። በክንዴ ለክቼዋለሁ።

ሐሙስ፣ 17

የፈተና ቀን። ዝናብ። ሸሚዟን እኔ ተኮስኩላት፣ እናቷ ልተኩስ ብትልም። ኮሌታው ላይ አንዲት መስመር አልለቅ አለችኝ። መታወቂያዋን ረስታ ከደረጃው ተመለሰች።

ማታ። መጥታ ወደ መጋረጃዋ ገባች። እራት አልበላችም። እናቷ ስትጠይቃት "ደክሞኝ ነው" አለች። በየትኛው ቋንቋ እንዳለችው አስተዋልኩ፤ በአማርኛ ነው።

ዓርብ፣ 18

ባለቁልፉ ቢሮው ጠራኝና ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሳያንሿሿ ሲያወራ ገና ዛሬ ማየቴ ነው። ከእኔ ክፍል አንድም ሰው አላለፈም። ከሪሴፕሽን ክፍል ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም አልፈዋል።

መጀመሪያ የተቀዳ ድምፅ አሰምተዋቸዋል። አንድ የተናደደ ደንበኛ ነው። ከጠዋት ጀምሮ መስመር እንቢ እንዳለው፣ ሲገባለትም እንደተቋረጠበት፣ ኃላፊ እንዲያመጡለት፣ አለዚያም አንድ ሰው መልሶ እንዲደውልለት ይናገራል። ይህን ሁሉ ያለው በአንድ ግስ ነው፤ ጌት፣ ጌት፣ ጎት፣ ጌት። የእኔ ተማሪዎች መስመር የሚለውን ሰምተዋል፣ ጠዋት የሚለውን ሰምተዋል። ሹፌሩ መልስ ወረቀቱ ላይ "ይህ ሰውዬ ተናዷል፤ የሚፈልገውን ግን አይናገርም" ብሎ ጽፏል።

ከዚያ ፈታኙ ራሱ ደንበኛ ሆኖ አንድ በአንድ አናገራቸው። ልጄ ዘንድ ሲደርስ "አይም ጌቲንግ ኖዌር ዊዝ ዩ ፒፕል" አላት። ከእናንተ ጋር አንድ እርምጃም አልሄድኩም፣ ለፍቼ ቀረሁ ነው ነገሩ። ልጄ ጌት ሲባል አራይቭ ማለት እንደሆነ ከእኔ ተምራለች። በጨዋ እንግሊዝኛ፣ ፈገግ ብላ፣ "ጌታዬ፣ ወዴት መድረስ ይሻሉ?" አለችው።

ፈታኙ ሳቀ። አጠገቡ የነበረችው ጸሐፊም ሳቀች። ባለቁልፉ ይህን ሲነግረኝ ከንፈሩን እየነከሰ ነው።

የልጄ ዓረፍተ ነገር እንከን የለበትም። እንዲያውም ውብ ነው። ሰው ትክክል ተናግሮ የሚሳቅበት ሥራ ምን ዓይነት ሥራ ነው? ደንበኛው መጀመሪያ ቋንቋውን ይማር።

ኮሌታዋን ግን በደንብ መተኮስ ነበረብኝ። ያቺን መስመር አይተውባት ይሆናል።

እሑድ፣ 20

ድጋሚ ፈተና ይሰጣሉ፤ ከወር በኋላ። ልጄ ቁርስ ላይ አፏን የከፈተችው ለዚህ ነው።

"አባዬ፣ ሰውዬው ያለውን ሁሉንም ቃል ሰምቼዋለሁ። አንዷን ብቻ አላወቅኋትም። እሷ ደግሞ ሁሉም ቦታ ነበረች።"

ዳቦዬን ቆረስኩ።

"ወደዚያኛው ክፍል ልዛወር። ዳይሬክተሩ አባትሽ ካለ ይሁን ብሎኛል።"

አስብበታለሁ አልኩ። ሪሴፕሽን ጋ ሄዳ አበባ ልትስል። እኔ ከፊደል ጀምሬ ያሳደግኋትን ልጅ። እናቷ ቀና ብላ አየችኝና ሳህኖቹን ሰበሰበች።

ማክሰኞ፣ 22

ሪሴፕሽን መጣችብኝ። "ልጅዎ ጎበዝ ናት። ጆሮዋ ድንቅ ነው። አንድ ወር ቢሰጡኝ..."

"በወር የሚሰጠው የሆቴል ክፍል ነው" አልኳት።

ከዚያ የራሷን ብርጭቆ ልታጥብ ሄደች፤ የእኔንም አንስታ አብራ አጠበችው። ትሕትና ለማሳየት ነው። እንዲህ ያለውን ትሕትና አውቀዋለሁ፣ ሆቴል ውስጥ ያስተምሩታል። ብርጭቆው ግን ጠርቶ ነበር።

ዓርብ፣ 25

ክፍሌ ሳሳ። የሚዛወሩት ተዛወሩ። የቀሩት ሌላው ክፍል ወንበር ያጡ ናቸው፣ እና ልጄ፣ እና ሹፌሩ። መኪናው ጋራዥ ገብቷል፤ ሞተሩ ወርዷል። እስኪጠገን ገበያ ውስጥ ጆንያ እየተሸከመ ይውላል፤ ትከሻው ላይ ዱቄት ይዞ ነው የሚመጣው። "አንተስ ለምን አልሄድክም?" አልኩት። "እዚህ ነው የለመድኩት ቲቸር" አለ።

ማታ ባለቤቴ ማሽኗን ሸፈነችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። "አንድ ነገር ልጠይቅህ። ልጅቷ እንድትወድቅ ነው የምትፈልገው?"

ምን ዓይነት ጥያቄ ነው። ሩዙ ጨው በዝቶበት ነበር፣ እሱን ነገርኳት።

"ካለፈች ትሄዳለች" አለች። "ካልሄደች ግን እዚህ አጠገብህ ሆና ትጠላሃለች። የቱ ይሻልሃል?"

ሴትዮዋ መጋረጃ ስትሰፋ መኖሯ ለሁሉ ነገር ልክ ያላት አስመስሏታል። ቢሆንም እንቅልፍ አልወሰደኝም። መደርደሪያውን አሰብኩ። የሚገባበትን መጽሐፍ ስቆጥር ብዙ አይደለም።

ረቡዕ፣ 30

ዛሬ ያየሁትን መጻፍ አልፈልግም፣ እጽፈዋለሁ።

ከሥራ ቀደም ብዬ ገባሁ። ባለቤቴ መጋረጃ ልታስረክብ ወጥታለች። ልጄ ከመጋረጃዋ ጀርባ ብቻዋን ታጠናለች፤ ከመስኮቱ በሚገባው ብርሃን ጥላዋ ጨርቁ ላይ ይታያል። የስልክ ንግግር እየተለማመደች ነው፤ ራሷ ትጠይቃለች፣ ራሷ ትመልሳለች። መሃል ላይ "ኦኬ፣ አይ ጎት ኢት" አለች። ገባኝ ማለት ነው። ወዲያው ዝም አለች።

ከዚያ ተነሳች። ጥላዋ ወደ ግድግዳው ሄዶ ቆመ። እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ፣ ልክ ተማሪዎቼ እንደሚያደርጉት። ስቶ የሚተካት ሌላ ሰው የለም። ስለዚህ ቆመች፣ ቆመች፣ ቆመች። በገዛ ቤቷ፣ ማንም ሳያያት።

ጫማዬን ሳላወልቅ ተመልሼ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ሐሙስ፣ ወሩ በባተ በ1

ባለቁልፉን "ትዛወር" አልኩት። ምክንያቱን ጠየቀኝ። ግድግዳው ቀዝቃዛ ነው፣ ያማታል አልኩት። አልገባውም፤ እሱ የሚገባው ቁልፍ ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ 6

ለመታዘብ ያህል ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሪሴፕሽንን ሰማኋት። ትምህርት የሚባል ነገር አይደለም። አንዱን ተነስ ትለዋለች፣ ስልክ ታስይዘዋለች፣ ትጮህበታለች። "ጌት ሪድ ኦፍ" ማለት ገላገለ ነው ትላለች፣ "ጌት ኦቨር" ማለት ሐዘንን ወይ ሕመምን ተሻገረ ነው፣ "ጌት አሎንግ" ሰው ከሰው ጋር ተስማምቶ ኖረ ነው፣ "ጌት አዌይ ዊዝ" ጥፋት አጥፍቶ ሳይጠየቅ ቀረ ነው። ለእያንዳንዱ የሰው ታሪክ ታመጣለች፤ ሻንጣው የጠፋበት ነጋዴ፣ የተጣሉ ባልና ሚስት፣ ክፍሉ ውስጥ ሲጃራ ያጨሰ ሰባኪ። ርካሽ ነገር ነው። የሰባኪው ጥሩ ነበር።

ልጄ ሳቀች። ድምፅዋን ከሁሉም ለይቼ አውቀዋለሁ። በእኔ ክፍል አንድ ቀንም ስቃ አታውቅም፤ እኔም ለሳቅ አላስገባኋትም።

ዓርብ፣ 9

እንደገና ሪሴፕሽን በር ላይ ቆሜ ሳዳምጥ ሹፌሩ አየኝ። ሽንት ቤቱ የት ነው ብዬ ጠየቅሁት፤ በዚህ ሕንፃ ውስጥ ያረጀሁት እኔ።

እሑድ፣ 11

ልጄ ልምምድ አጥታለች። ሪሴፕሽን ተማሪ ስለበዛባት ለእያንዳንዱ አትደርስም። ከጓደኞቿ አንዷ ደንበኛ ልትሆንላት ሞክራ ነበር፤ ልጅቷ ሰው መቆጣት አትችልም፣ "ይቅርታ እህቴ" እያለች ታለቅሳለች።

ከሰዓት በኋላ የባለቤቴን ስልክ አንስቼ መኝታ ቤት ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ደወልኩላት። ከመጋረጃው ጀርባ ስልኳ ጮኸ።

"ሄሎ፣ ሃው ሜይ አይ ሄልፕ ዩ?"

አፌ እሺ አላለኝም። ከስንት ዘመን በኋላ ያቺን ግስ መናገር የሰው የጥርስ ብሩሽ አፍ ውስጥ እንደመክተት ነው። ጨክኜ "ኖባዲ ኤቨር ጌትስ ባክ ቱ ሚ" አልኩ። መልሶ የሚደውልልኝ የለም ማለት ነው።

ድምፅዋን አስተካክላ፣ "አዝናለሁ ጌታዬ፣ ስምዎን ማን ልበል?" አለች በእንግሊዝኛ።

ከዚያ ለቀቅሁባት። ኃላፊሽን ጌት፣ መስመሬን ጌት፣ ካልቻልሽ ከዚያ ወንበር ላይ ጌት አፕ። ሰደብኳት፣ አንጓጠጥኳት፣ የፈረንጅ ሳቅ ሳቅሁባት። ለካ ዕድሜ ልኬን የተለማመድኩት ሥራ ነው፤ ንቀት እንዲህ ሙያ እንደሚሆን አላውቅም ነበር። እሷ ግን አልተነቃነቀችም። እያንዳንዱን ቃል ያዘችው። የስፌት ማሽኑ ድምፅ ቆሟል፤ ባለቤቴ እያዳመጠች ነው።

መጨረሻ ላይ ደንበኛው ቅሬታ አለቀበት። እኔ ግን ስልኩን መዝጋት አቃተኝ። "ዘ ሃውስ ጌትስ ቱ ኳየት ኢን ዘ ኢቭኒንግ" አልኩ፤ ማታ ማታ ቤቱ ጭር ይልብኛል። "አይ ካንት ጌት ዩዝድ ቱ ኢት።" ልለምደው አልቻልኩም። ይህ ከስልክ ድርጅት ጋር ምን እንደሚያገናኘው አላውቅም። ገና አልሄደችም እኮ።

አፍንጫዋን ስትስብ ሰማሁ።

"አይ አንደርስታንድ፣ ሰር" አለች። "አይ ዊል ጌት ባክ ቱ ዩ። አይ ፕሮሚስ።"

በሩን ከፍቼ ወጣሁና፣ የስልክ ሠራተኛ ለደንበኛ ቃል አይገባም ብዬ አረምኳት።

"ለሌላ ደንበኛ አልገባም" አለችኝ።

ቅዳሜ፣ 17

ፈተናው። ሸሚዙን እናቷ ተኮሰችው። ኮሌታው ላይ ምንም አልነበረም።

ማክሰኞ፣ 20

አልፋለች። ፈታኙ ተቆጣት፣ አስፈራራት፣ እንደ ልማዱ ሊስቅባት ሞከረ አሉ። ስትወጣ ሪሴፕሽንን "ይሄማ ምን ይቆጣል፣ እኔ የባሰ አይቻለሁ" ብላታለች። ሪሴፕሽን ኮሪደሩ ላይ ይህን ስትነግረኝ ዓይኔን ዓይኔን ታያለች። "ጥሩ ሠርተሻል" አልኳት። ሁለት ቃል ነው፣ ለሆቴል ሰው ይበቃል። ቀኑን ሙሉ ደስ ሲላት ዋለ፤ ያናድዳል።

እሑድ፣ 25

ነገ ማለዳ ትሄዳለች። እናቷ፣ ልጅቷ የምትገባበትን አዲስ ቤት መስኮት ስፋት ሳታውቅ፣ መጋረጃ ሰፍታላታለች። "ረጅም ነው እኮ" ብላት፣ "ረጅም ይታጠፋል፣ አጭር ግን አይቀጠልም" አለችኝ። ሻንጣው አልዘጋ ብሎ እኔ ተቀመጥኩበት፣ ልጄ ዘጋችው።

ሰኞ፣ 26

መናኸሪያ። ጨለማ ነበር። "ስትደርሺ" አልኳት። ቀሪውን አልጨረስኩትም፣ አውቶቡሱ ጮኸ።

ቤት ስመለስ መጋረጃዋ ተከፍቶ ነበር። ባለቤቴ "መደርደሪያህን መቼ ታመጣለህ?" አለችኝ። ምን ያስቸኩላል አልኳት።

ሰኞ ማታ

ከክፍል ነው የመጣሁት።

ሰባት ሰው መጥቷል። ሹፌሩ በዱቄቱ። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ነበር፣ ይህንም በክፍሌ የከለከልኩት ራሴ ነኝ። ተማሪዎቹ መልመጃ ሲሠሩ ዓይኔ ከሱ አልነሳ አለ። አውቶቡሱ መድረስ ካለበት ቆይቷል። መንገዱ ደግሞ ገደል አለው። ዝናቡም አለ።

ስልኩ ነዘረ። ልጄ ናት፤ በእንግሊዝኛ፣ መድረሷን የሚናገር አንድ አጭር መስመር። ሁለቴ አነበብኩት። ከዚያ፣ ለማንም ሳይሆን፣ "ሺ ጎት ዜር" አልኩ። ደረሰች ማለት ነው።

ቀና ስል ሁሉም እስክሪብቶውን አስቀምጦ ያየኛል።

ሕግ ሕግ ነው። ተነስቼ ግድግዳው ጋ ቆምኩ። ቀለሙ በትከሻ ቁመት ላይ ወይቦ ጠቁሯል፤ ከወንበሬ ሆኜ ይህን አይቼው አላውቅም። እንደሚመስለው ሁሉ ቀዝቃዛ ነው። "ቀጥሉ" አልኳቸው።

ቀጠሉ። እንዲህ የጠራ እንግሊዝኛ ከዚያ ክፍል ሰምቼ አላውቅም። ኦብቴን አሉ፣ ሪሲቭ አሉ፣ አንደኛዋ "አይ ሃቭ ቢካም ታየርድ" አለች፤ አንድም ሰው አልሳተም። እኔ ያስተማርኳቸውን ነው የሚያደርጉት። ከማለዳ ጀምሮ ቆሜ ስለዋልኩ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ግድግዳውን ያዝኩት።

ሹፌሩ እጁን አወጣ። "ቲቸር" አለ። ቃሉን ፈልጎ ሳይሆን መርጦ፣ ቀስ ብሎ፣ ሁሉም እየሰማው፣ "ዩ ሉክ ታየርድ። ጌት ሳም ሬስት" አለኝ።

ዓረፍተ ነገሩ ትክክል ነበር፤ አነጋገሩም። አልነገርኩትም።

ተነስቶ መጣና አጠገቤ ቆመ፤ ትከሻው ላይ ዱቄቱ አለ። "ይቀመጡ ቲቸር" አለኝ። "እኔ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ነው የዋልኩት።"

መኪናው ከጋራዥ እንዳልወጣ ሰባቱም ያውቃሉ። ሄጄ ተቀመጥኩ።